ዓይኑ ባለ መስመር ዝንብ፣ ቢሾፍቱ፣ እንስላል አበባ ላይ፦ ስሙ ማን ነው? እንዴትስ ይመዝገብ?

የሐይቅ ዳር (መስከረም 21 ቀን 2018)

ሰላም ለቤቱ። አምስት ፎቶ አያይዣለሁ፣ ዝርዝሩ ይኸው፦

ቦታ፦ ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ጓሮ፣ ከፍታው ወደ 1900 ሜትር።
ቀንና ሰዓት፦ መስከረም 20 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 4:20።
ያረፈበት፦ ያበበ እንስላል።
ርዝመት፦ 12 ወይም 13 ሚሊ ሜትር።
መልክ፦ ሆዱ ብርቱካንማ ሆኖ ጥቁር ቀበቶዎች አሉት። ዓይኑ ቢጫማ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ጥቁር መስመሮች ይታዩበታል። አበባው አጠገብ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና በድንገት ወደ ጎን ይወረወራል።

አይናቹራሊስት (የተፈጥሮ ምልከታ መመዝገቢያ መተግበሪያ) ላይ ስጭነው መጀመሪያ ያቀረበልኝ ስም «ኤሪስታሊስ ቴናክስ» ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ሁሉም «ንብ ነው» ይላል። የትኛው ልክ ነው? መዝገቡስ በምን ስም ይግባ?

ቀፎ ጠባቂ

ንብ አይደለም። ፎቶ 2ን አስፍተው ይዩት፤ ክንፉ ሁለት ብቻ ነው። ንብ አራት አላት፤ ነገር ግን የፊትና የኋላ ክንፏ በጥቃቅን መንጠቆዎች ስለሚያያዙ ስታርፍ ሁለት ይመስላሉ፣ ስለዚህ ክንፍ መቁጠር ብቻውን ያሳስታል። አንቴናውን ይዩ። የንብ አንቴና ረጅም ነው፣ መሃሉ ላይ እንደ ክርን ይታጠፋል። የዚህኛው አጭርና ድንቡሽ ያለ ሆኖ አንዲት ፀጉር ብቻ ወጥታበታለች። የኋላ እግሩም ቀጭን ነው፤ ሠራተኛ ንብ የአበባ ዱቄት የምትጭንበት ሰፊ ቅልጥም የለውም። መንደፊያም የለውም፣ በእጅ ቢያዝ አይነድፍም።

ክንፉ ሥር እንደ ክብሪት ራስ ያለች ነጣ ያለች ነገር ከታየች ጉዳዩ አለቀ፤ በኋላ ክንፍ ምትክ የበቀለች ሚዛን መጠበቂያ ናት፣ ያለችውም ዝንቦች ላይ ነው።

ሁለት ክንፍ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ዝንብ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ቤተሰቡን የሚያስለየው ክንፉ ነው። ፎቶ 4 ላይ ክንፉ ስለተዘረጋ ሁለት ነገር በግልጽ ይታያል።

አንደኛ፣ በክንፉ መሃል ከሌሎቹ የክንፍ ሥሮች ጋር ሳትገናኝ እንደ እጥፋት የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች። «ሐሰተኛ ሥር» ትባላለች፣ የአንዣባቢ ዝንቦች ቤተሰብ፣ የሲርፊዴ፣ መለያ ናት። ሁለተኛ፣ የውጭዎቹ ሥሮች ወደ ክንፉ ጠርዝ ሳይደርሱ ይታጠፉና ከጠርዙ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ከጠርዙ ውስጥ ሌላ ጠርዝ ያለ ይመስላል። ሁለቱ አንድ ላይ ከታዩ ይህ አንዣባቢ ዝንብ ነው፤ የአበባ ዝንብ የሚሉትም አሉ። አየር ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን ብቻ ይዛችሁ እንዳትወስኑ፤ ፀጉራሞቹ ንብ መሳይ ዝንቦችም ይቆማሉ፣ ቤተሰባቸው ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ፣ ከክንፉ የፊት ጠርዝ አራተኛዋ ረጅም ሥር ጉልህ ሆና ወደ ታች ትሰረጉዳለች፣ እንደ ማንኪያ ሆድ። ከፊቷ ያለችው ክፍልም ጠርዙ ሳይደርስ ተዘግታለች። ይህ የኤሪስታሊስና የኤሪስታሊነስ ወገን ነው። ሁለቱን የሚለየው ዓይን ነው፤ የኤሪስታሊነስ ዓይን ነጠብጣብ ወይም መስመር አለው፣ የኤሪስታሊስ አንድ ወጥ ቀለም ነው። ስለዚህ መተግበሪያው ተሳስቷል። ይህ ኤሪስታሊነስ ነው፣ ምናልባትም ኤሪስታሊነስ ቴኒዮፕስ።

አደይ 13

እዚህ ላይ አልስማማም። ኤሪስታሊስ ቴናክስም ዓይኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ጥቁር መስመሮች አሉት። መጠኑም፣ ብርቱካንማው ሆድም፣ ንብ መምሰሉም ቴናክስን ያሳያል። መስመር በመኖሩ ብቻ እንዴት ይጣላል?

ሁለት ክንፍ

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ብዙ መዝገብ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። የቴናክስ መስመር ቀለም ሳይሆን ፀጉር ነው። ዓይኑ ራሱ ጥቁር ቡናማ ነው፤ በላዩ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ፀጉር በሁለት ዘለላ ወደ ታች ይወርዳል። ብርሃን ከጎን ሲመታው ይጎላል፣ ከፊት ሲመታው ይደበዝዛል። የቴኒዮፕስ መስመር ግን የዓይኑ የገዛ ቀለም ነው፤ መደቡ ቢጫማ ነው፣ መስመሮቹ ከሁለት ይበልጣሉ፣ ብርሃኑ ከየትም ቢመጣ ቦታቸውን አይለቁም። ፎቶ 1 እና ፎቶ 3 ከተለያየ አቅጣጫ የተነሱ ናቸው፤ መስመሮቹ በሁለቱም ላይ እዚያው ናቸው።

ተጨማሪ ማረጋገጫ ከፈለጉ የኋላ እግሩን ይዩ። የቴናክስ የኋላ ቅልጥም ወፍራም፣ ጥቁርና ፀጉራም ነው፣ ከጎን ሲታይ ጎበጥ ይላል። የዚህኛው ቀጭን ነው። ቴናክስ ከፊት ሲታይም ፊቱ መሃል ሰፊ ጥቁር ሰንበር አለው።

አደይ 13

ፎቶ 1ን እና 3ን አነጻጸርኩ፣ ትክክል ነው። ቴናክስ ብዬ የሰጠሁትን አንስቻለሁ።

የሐይቅ ዳር

እናመሰግናለን። ታዲያ «ኤሪስታሊነስ ቴኒዮፕስ» ብዬ ልዝጋው?

ሁለት ክንፍ

ለጊዜው «ኤሪስታሊነስ» ላይ ይቁም። ምክንያቱን ልዘርዝር።

ባለ መስመር ዓይን የቴኒዮፕስ ብቻ አይደለም፤ በአፍሪካ ዓይናቸው የተሰነበረ ሌሎች የኤሪስታሊነስ ዝርያዎችም አሉ። ለመለየት የደረቱን ጀርባ ንድፍ፣ ከደረቱ ኋላ ያለችውን ግማሽ ክብ ሳህን ቀለም፣ የእግሮቹን ቀለም ክፍል በክፍል እና የአንቴናውን ቀለም ማየት ያስፈልጋል። በእርስዎ ፎቶዎች ላይ የፊት እግሮቹ በአበባው ተሸፍነዋል፣ ደረቱም ብርሃን በዝቶበት ነጥቷል። ቴኒዮፕስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከሰሐራ በስተ ደቡብም በሜዲትራኒያን ዙሪያም የሚገኝ የተለመደ ዝርያ ነው፣ ስሙም ከ1818 ጀምሮ ይታወቃል። ዕድሉ ሰፊ ነው ብሎ መጻፍና አይቻለሁ ብሎ መጻፍ ግን አንድ አይደሉም። «ኤሪስታሊነስ፣ ባለ መስመር ዓይን» ብሎ ቀንና ቦታውን አጥርቶ የያዘ መዝገብን ነገ ሌላ ሰው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በስህተት ዝርያ የተዘጋ መዝገብን ግን ተመልሶ የሚፈትሸው የለም።

የመተግበሪያውን ጥቆማ በተመለከተ፣ ምስል አዋቂው የሚማረው ከተጫኑለት ፎቶዎች ነው። ቴናክስ በአውሮፓና በአሜሪካ እጅግ ብዙ ፎቶ አለው፣ የእኛ ሀገሮቹ ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ለአፍሪካ አንዣባቢ ዝንብ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ስም ቤተሰቡን ወይም ወገኑን ለመገመት እንጂ ዝርያ ለመዝጋት አትጠቀሙበት።

የሐይቅ ዳር

ነገ ብመለስበት ምን ምን ፎቶ ላንሳ?

ሁለት ክንፍ

ስድስት ማዕዘን፦ ከላይ (የደረትና የሆድ ንድፍ)፣ ከጎን (እግሮች)፣ ፊት ለፊት (ፊትና አንቴና)፣ ክንፉ ተዘርግቶ፣ የኋላ እግር ቀረብ ብሎ፣ እና ስድስተኛ አበባውን በሙሉ፣ መጠኑን ለመገመት እንዲረዳ።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። በደጋና በወይና ደጋ ጠዋት ከ2:30 እስከ 3:30 ባለው ጊዜ ሰውነታቸው ገና አልሞቀም፤ ፀሐይ የመታው ቅጠል ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ይሞቃሉ፣ ቶሎም አይበሩም። ከ5 ሰዓት በኋላ ማሳደድ ነው። ጥላችሁ እንዳያርፍባቸው ፀሐይን ከጎን አድርጋችሁ ቅረቡ። ስልክ ላይ የሚሰካው ማጉያ ሌንስ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ድረስ ካልቀረበ አያጠራም፣ በዚያ ርቀት ደግሞ ዝንቡ ይሄዳል፤ ስልኩ የራሱ የቴሌ ሌንስ ካለው በሁለት እጥፍ ከራቅ ብሎ ማንሳት ይሻላል። በካሜራ ከሆነ ፍጥነቱ ከ1/500 ሰከንድ አይውረድ። ብርሃኑን አንድ ደረጃ ቀንሱት፤ ቢጫው ከነጣ ንድፉ አይመለስም።

የዓይኑን ፎቶ በሕይወት እያለ ማንሳት ግድ ነው። ዝንቡ ከሞተና ከደረቀ በኋላ የዓይኑ መስመር ይጠቁራል ወይም ይደበዝዛል፣ ያ ሁሉ ክርክርም መልስ ያጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ፎቶውን በቴሌግራም የምትቀባበሉ ከሆነ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ውስጡ ያለው ቀን፣ ሰዓትና የቦታ መረጃም ይጠፋል።

ሰብል ጥበቃ

የባቄላና የአተር ማሳ ላይ ለምትሠሩ፣ ከኤሪስታሊነስ ይልቅ የሚያጋጥማችሁ ሌላው የአንዣባቢ ዝንብ ወገን ነው። የኤሪስታሊነስ እጭ የረጋና የበሰበሰ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ በረጅም ጭራው ከውሃው በላይ እየተነፈሰ። የእነዚህኞቹ እጭ ግን ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) ይበላል።

የጎልማሶቹ መለያ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዓይኑ ፀጉራም፣ የደረቱ ጎን ደማቅ ቢጫ ጠርዝ የሌለው፣ ሆዱ ላይ ቢጫ ቀበቶ ከሆነ ቤታሲርፈስን አስቡ፤ በእኛ ዘንድ የሚጠበቀው አድሊጋተስ ነው። ዓይኑ ፀጉር የለሽ ሆኖ የደረቱ ጎን በደማቅ ቢጫ ሰንበር የተከፈፈ ከሆነ ኢስኪዮዶን ኢጂፕቲየስ ሊሆን ይችላል፤ ወንዱ የኋላ እግሩ መነሻ ላይ፣ ከጭኑ በላይ፣ ረጅም ሹል እሾህ አለው፣ በማጉያ መነጽር ይታያል። ሆዱ ቀጭንና ረጅም፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ድቡልቡል ያለ ወንድ ስፌሮፎሪያ ነው። ከ7 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ፊቱ ጥቁርና አንጸባራቂ የሆነ ሜላኖስቶማ፤ እንዲሁ ትንሽ ሆኖ ፊቱ ቢጫ፣ ደረቱ ጥቁር የሆነ ፓራገስ። ፓራገስን በፎቶ ዝርያ ድረስ እለያለሁ የሚል ካለ አትመኑት፤ የወንዱ ብልት በማይክሮስኮፕ ካልታየ አይሆንም።

ከሁሉ የሚበልጠው መዝገብ እጩን አሳድጎ የሚገኘው ነው፤ ዝንቡን፣ የሚበላውን ክሽክሽና ተክሉን በአንድ ያስራል። ክሽክሽ የበዛበት የባቄላ ጫፍ ላይ እግር የሌለው፣ ወደ ራሱ የሾለ፣ አረንጓዴ ወይም ነጣ ያለ ትንሽ ቀንድ አውጣ የሚመስል ነገር ከታየ፣ አጠገቡም እንደ ዘይት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ጠብታ ካለ፣ እሱ ነው። ብዙ ሰው ቅጠል የሚበላ ትል መስሎት መድኃኒት ይረጭበታል፤ ያሳዝናል፣ አንዱ እጭ አድጎ እስኪጨርስ በመቶ የሚቆጠር ክሽክሽ ይበላል።

አሳዳጊው ዕቃ ቀላል ነው። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ኩባያ፣ ከታች የተጣጠፈ ሶፍት፣ ክዳኑ ላይ በሻሽ የተሸፈነ ቀዳዳ። በአንድ ኩባያ አንድ እጭ ብቻ፤ ክሽክሹ ካነሰ እርስ በርስ ይበላላሉ። ክሽክሽ ያለበትን ቅርንጫፍ በየቀኑ ቀይሩ፣ የተነሳበትን ተክል ስም ከኩባያው ላይ አትለዩ። በብዛት የሚገድላቸው ላብ ነው፤ የኩባያው ግድግዳ ላይ ጠብታ ከታየ እጩ ተጣብቆ ይሞታል፣ ሶፍቱን ወዲያው ቀይሩ። ፀሐይ ላይም አታስቀምጡ። እጩ መብላት ሲያቆም የእንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ፑፓ (እጩ ወደ ዝንብ የሚለወጥበት ሽፍን) ይሆናል፣ በቤት ሙቀት ከሳምንት ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ዝንቡ ይወጣል። እንደወጣ አትያዙት። ቀለሙ እስኪጠነክር አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ቀድሞ የተያዘ ገርጥቶ ይቀራል፣ የማይታወቅ ዝርያም ይመስላል።

ከፑፓው ዝንብ ሳይሆን ተርብ ከወጣም አትጣሉት። ጥገኛ ተርብ ነው። የኋላ ቅልጥሙ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ሆኖ ከተሰነበረ ዲፕላዞን ሌታቶሪየስ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ባዶውን ፑፓ ከተርቡ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ፤ ከየትኛው ዝንብ እንደወጣ የሚታወቀው ከፑፓው ቆዳ ነው።

ቀፎ ጠባቂ

አንድ ጥያቄ፤ ፎቶ ከበቃ ለምን ይገደላል?

መርፌና ካርድ

ፎቶ ለብዙዎቹ ይበቃል። ለፓራገስና ለመሰሎቹ ግን ዝንቡ ራሱ ከሌለ ስም የለም፤ ከአንድ ቦታ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት ይበቃሉ፣ ከዚያ በላይ መያዝ አያስፈልግም። ከተያዘ ደግሞ በአግባቡ ይያዝ።

ማቀዝቀዣ (የበረዶው ክፍል) ውስጥ ለግማሽ ቀን ማቆየት ንጹሑ መንገድ ነው። በኤቲል አሲቴት ከሆነ ጥጡ ይርጠብ እንጂ አይንጠብጠብ፤ ፀጉሩ ከረጠበ ይተኛል፣ የዓይን ፀጉር አለው የለውም ለማለትም አይቻልም። መርፌ ቁጥር 1 ወይም 2፣ ከደረቱ መሃል መስመር ትንሽ ወደ ቀኝ ይግባ፤ አንደኛው ጎን ሳይነካ እንዲቀር ነው። ከ7 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን በመርፌ አትውጉ፣ ደረቱ ይፈርሳል፤ በሾለ የወረቀት ጫፍ ላይ በደረቱ ጎን በትንሽ ሙጫ ይለጠፍ። የወንዱ ብልት ገና ሳይደርቅ ጫፏ በተቆለመመ መርፌ ወደ ውጭ ይሳብ፤ ከደረቀ በኋላ ዳግም ማራስ ይጠይቃል፣ ያኔ ሻጋታ ይመጣል።

ለዘረመል ምርመራ አንድ እግር 96 በመቶ አልኮል ውስጥ ማስቀመጥ በቂ ነው። ሙሉውን አልኮል ውስጥ አታስገቡት፣ ቢጫው ይለቃል።

መለያ ጽሑፉ በእርሳስ ወይም በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይጠፋል፣ ናሙናውም ያለ ቦታና ያለ ቀን ይቀራል። ክረምት ላይ ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ይኑር። አዲስ ሳጥን ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት አንድ ሳምንት በረዶ ክፍል ይቆይ፤ ነቀዝ መሰል ጥንዚዛ አንዴ ከገባ የሚተወው መርፌና አቧራ ነው።

ባለካርታ

የላይኛውን መዝገብ አየሁት። ዝንቡ ላይ የተደረገው ጥንቃቄ ቀኑና ቦታው ላይ አልተደረገም፤ ሦስት ነገር መስተካከል አለበት።

ዓመቱ። «2018» ተብሎ ገብቷል። ዓለም አቀፍ መዝገብ ይህንን የሚያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ዝንቡም ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ክፋቱ ስህተት አለመምሰሉ ነው፤ 2018 በእነሱም የነበረ ዓመት ነው፣ ኮምፒውተሩ አይቃወምም። መስከረም 20 ቀን 2018 ማለት ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 (ታኅሣሥ 22 ገደማ) ባለው ጊዜ ላይ 7፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ 8 ይደመራል። ቀኑንም በግምት አትቀይሩ፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ በሌሎቹ 11 ላይ። ወሩን «1» ብሎ መጻፍም ጃንዋሪ ይሆናል። ጳጉሜን ደግሞ «13» ተብላ ከገባች ሠንጠረዡ ወይ ይጥላታል ወይ ወደ ሌላ ወር ያዞራታል። የእኛንም አቆጣጠር ማቆየት ለሚፈልግ የማስታወሻው ቦታ ላይ «ዓ.ም.» ብሎ በቃል ይጻፈው።

ሰዓቱ። 4:20 ብሎ ማስገባት ሌሊት 10 ሰዓት ከ20 ማለት ነው። አንዣባቢ ዝንብ በዚያ ሰዓት አበባ ላይ አይገኝም። 10:20 ይሁን፣ የሰዓት ቀጠናውም የአዲስ አበባ፣ ፕላስ 3።

ቦታው። መጋጠሚያው (የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሩ) ተገላብጧል። የቢሾፍቱ መጋጠሚያ ወደ 8.75 ሰሜን፣ 38.98 ምሥራቅ ነው፤ እርስዎ 38.98ን ቀድመው አስገብተዋል። ያ ነጥብ የሚወድቀው ጣሊያን፣ ሰርዲኒያ ደሴት ደቡብ ጫፍ ላይ ነው። ቴኒዮፕስ በሜዲትራኒያን ዙሪያም ስላለ ማንም አይጠራጠርም፤ ተቀብለው ያልፉታል። ሁለት አኃዝ ብቻ መጻፍም አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ያሳስታል፣ አራት አኃዝ ከነጥብ በኋላ ወደ 11 ሜትር ያደርሳል።

ከወረቀት ካርታ ለምታነቡ፣ የቀድሞዎቹ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን መነሻ (መጋጠሚያ የሚለካበት የቀድሞ መሠረት) ነው። የስልኩ ደግሞ በሌላ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ካዛወራችሁት ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ይንሸራተታል፤ ገደል ባለበት ቦታ ከሸለቆ ወደ አምባ ይወጣል። ከፍታን ከስልክ አትውሰዱ፣ ከካርታው አንብቡ።

የቦታ ስም ሲጻፍ አሁን ያለውም የቀድሞውም ይኑር፦ ቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት)፣ አዳማ (ናዝሬት)። የድሮ ናሙናዎች የተመዘገቡት በቀድሞው ስም ነው፣ ሁለቱ ካልተገናኙ አንድ ቦታ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ወረዳና ቀበሌም ይጨመር፤ «ገብርኤል አካባቢ» ብቻ ከሆነ ገብርኤል የሌለበት ከተማ የለም።

አደይ 13

የፈቃድ ምርጫውንም አይርሱ። አይናቹራሊስት ላይ «መብቱ በሙሉ የተጠበቀ» ከተመረጠ መዝገቡ ወደ ዓለም አቀፉ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት፣ ጂቢአይኤፍ፣ አያልፍም። ስም ጠቅሶ ለንግድ ላልሆነ ሥራ መጠቀም የሚፈቅደው ከተመረጠ ሊያልፍ ይችላል።

የሐይቅ ዳር

ዓመቱን፣ ሰዓቱንና መጋጠሚያውን አስተካክያለሁ፣ ስሙንም ወደ «ኤሪስታሊነስ» አንስቻለሁ። ናሙና ከያዝኩ ለማን ይሰጣል? ውጭ ሀገር መላክስ ይቻላል?

መርፌና ካርድ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ፤ መጀመሪያ እዚያ ይጠይቁ። የአፍሪካ አንዣባቢ ዝንብ በብዛት የተሰበሰበው ቤልጅየም፣ ተርቩረን ባለው የመካከለኛው አፍሪካ ሙዚየም ነው፣ ለማነጻጸር የሚረዳው እሱ ነው። ነገር ግን በፖስታ አሽጎ መላክ የለም። የዘረመል ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ስላለ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይወሰዳል፤ እግር አንድ ብትሆንም ያው ናት። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ለመያዝ ደግሞ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ለብቻ። የፈቃዱን ቁጥር ከናሙናው መለያ ጋር አያይዙት።

ሁለት ክንፍ

የተስተካከለውን አየሁት፣ አሁን ልክ ነው። የጾታው ሳጥን ባዶ ቀርቷል። ፎቶ 3 ላይ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ሰፊ ግንባር አለ፣ የሆዷ ጫፍም ሾሏል፣ ከሥር የተቆለመመ እብጠት የለውም። ሴት ናት፤ ይሙሉት። ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት እዚያው እንስላል ላይ ከተመለሰች የፊት እግሮቿን ከጎን ያንሱልኝ፣ ዝርያውን እንጨርሰዋለን።